ለቤት ኮምፒውተራችን የባክአፕ ሶፍትዌር የመረጥኩበት መንገድ

የቤታችን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የተበላሸው በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ መብራት በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ በተመለሰበት ዕለት ነው። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስናበራው ከሣጥኑ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ እየደጋገመ ይሰማ ነበር፤ ዊንዶውስም ሳይነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የጥገና ባለሙያው ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ካገናኘ በኋላ ብዙው ክፍል እንደማይነበብ ነገረኝ፤ ከዐሥር ቀን በኋላም ማውጣት የቻለውን ያህል በፍላሽ አስረከበኝ። ፍላሹን ስከፍት ያገኘኋቸው ዐሥራ አንድ ሺህ ያህል ፎቶዎች ስማቸውንም፣ የነበሩበትን ፎልደርም፣ ቀናቸውንም አጥተው በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ነበሩ። ብዙዎቹ ከላይ ሲሶ ያህሉ ምስል ሆኖ ከዚያ በታች ግራጫ ብቻ ናቸው። ባለቤቴ የምትይዘው የሰፈራችን እድር የአራት ዓመት የመዋጮ መዝገብ፣ የእኔ የ11ኛ ክፍል የጂኦግራፊ ማስታወሻዎችና የፈተና ጥያቄዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና የአማቴ የመጨረሻ ዓመታት ፎቶዎች ከጠፉት መካከል ናቸው። የእድሩን መዝገብ ባለቤቴ ከአባላቱ ቤት ለቤት ደረሰኝ እየሰበሰበች እንደገና ለመጻፍ አምስት ወር ፈጅቶባታል። ፎቶዎቹን ግን ከማንም ቤት ልንሰበስባቸው አልቻልንም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ዲስክ አስገብተን፣ የቤታችንን ፋይሎች በመጠባበቂያነት የሚቀዳልን ሶፍትዌር ስፈልግና ስሞክር ስምንት ወር ያህል ቆየሁ። መምህር እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የምጽፈውም የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ሳይሆን እንደ እኔ አንድ ኮምፒውተር፣ ጥቂት ሺህ ፎቶዎችና ሁለት ሦስት ሊጠፉ የማይገባቸው መዝገቦች ላሉት ቤተሰብ ነው።

በመጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ሶፍትዌሮቹን በሚሰጡት አገልግሎት ብዛት ማወዳደሬ ነበር። የሚጨምቅ፣ የሚቆልፍ፣ በየደቂቃው የሚቀዳ፣ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ እያልኩ በደብተር ላይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ፣ ብዙ ምልክት ያገኘውን ጫንኩ። ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ዛሬ ማታ ቢሞት፣ ነገ ጠዋት የእድሩን መዝገብ በማን ኮምፒውተር ላይ፣ በስንት ደቂቃ፣ ማን ይከፍተዋል? ይህን የተረዳሁት ያ የመጀመሪያው ሶፍትዌር የሠራልኝን ቅጂ ወንድሜ ቤት ወስጄ በእርሱ ላፕቶፕ ለመክፈት በሞከርኩ ጊዜ ነው። ዲስኩ ላይ የነበሩት እያንዳንዳቸው ሁለት ጊጋባይት የሚያህሉ፣ ስማቸው ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት የሆነ ፋይሎች ብቻ ናቸው። ፎቶም ሆነ መዝገብ የሚመስል አንድም ነገር አይታይም፤ ለመክፈት ያንኑ ሶፍትዌር መጫን ያስፈልጋል፤ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዚያን ዕለት አልነበረም። ቅጂው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን በዚያች ሰዓት እንደሌለ ነበር።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ትቼ አንድ መስፈርት ያዝኩ፤ ቅጂው እንደ ዋናው ሁሉ ተራ ፋይል ሆኖ፣ በስሙና በፎልደሩ፣ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ሶፍትዌር መከፈት አለበት። ይህ መስፈርት ብዙ ጥሩ ሶፍትዌሮችን ከውድድሩ ያስወጣል። ለምሳሌ ዱፕሊካቲ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ፋይሎችን ከፋፍሎና በይለፍ ቃል ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ ወደ ኢንተርኔት ለመላክ የተመቸ ነው፤ ዲስኩን ነቅሎ ጎረቤት ቤት ለሚከፍት ሰው ግን አይሆንም። መላውን ዲስክ ከነዊንዶውሱ እንደ አንድ ምስል የሚቀዱትንም ተውኳቸው። ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል፤ የልጄ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ፎቶ ግን እንደገና አይነሣም። በዚህ ረገድ ብዙዎች ይመክሩት የነበረው የማክሪየም ሪፍሌክት ነጻ እትምም ከፈረንጆቹ 2024 መግቢያ ጀምሮ ድጋፍ የማይሰጠው ስለሆነ፣ አሁን ከአሮጌ ፍላሽ ላይ እየገለበጡ መጫን አይመከርም። ክራክ የተደረጉትንማ (ሳይከፈልባቸው እንዲሠሩ ቁልፋቸው የተሰበረውን) ከናካቴው አለመንካት ነው፤ ዕድሜ ልክ የሰበሰብነውን ሁሉ እንዲያነብ የምንፈቅድለትን ሶፍትዌር ምንጩ ከማይታወቅ ቦታ ማምጣት ቤትን ለማያውቁት ሰው ከነቁልፉ መስጠት ነው።

ሁለተኛው መስፈርት በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው ሲሆን በውጭ አገር ምክሮች ውስጥ አላገኘሁትም። የፋይሎቻችን ስም በግእዝ ፊደል ነው። ከሞከርኳቸው አሮጌ ሶፍትዌሮች አንዱ «የእድር መዝገብ 2014» የሚለውን ስም በጥያቄ ምልክቶች ተክቶ፣ ስማቸው ተመሳሳይ የፊደል ብዛት ያላቸውን ሁለት ፎልደሮች አንድ ላይ ቀላቀላቸው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ፋይል መቅጃ፣ ሮቦኮፒን፣ በትእዛዝ ፋይል ስሞክርም፣ የጽሑፍ ኮዱን የግእዝ ፊደልን ወደሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 የሚቀይር ተጨማሪ ትእዛዝ ማስገባት እንዳለብኝ እስካውቅ ድረስ በአማርኛ የተሰየሙትን ፎልደሮች አላገኛቸውም ነበር። በመሆኑም ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመቀበላችሁ በፊት በግእዝ ፊደል የተሰየመ ፎልደር፣ ውስጡም ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ፈጥራችሁ ቅዱና ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው።

ሦስተኛውንና ወሳኙን ፈተና የሰጠችው ባለቤቴ ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእኅቷን የሠርግ ፎቶዎች ፎልደር ከኮምፒውተሩ ላይ ወደ ሌላ ቦታ አንሥቼ፣ «ከባክአፑ ዲስክ ላይ መልሺው» ብዬ ወጣሁና በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተጠራሁ። «ፋይሉ የለም እኮ፤ አልተቀዳም» አለችኝ። ገብቼ ሳይ በፍለጋው ሣጥን ውስጥ የጻፈችው «ሰርግ» ነበር፤ እኔ ፎልደሩን የሰየምኩት ደግሞ «ሠርግ» ብዬ ነው። ለእኛ አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የከተማችንን ስም እንኳ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እያልን በሦስት ዓይነት ሰይመን፣ ፎቶዎቻችን በሦስት ፎልደር ተበታትነው ነበር። ከዚያ ወዲያ ፎልደሮቻችንን ሁሉ በዓመተ ምሕረት ቁጥር እንዲጀምሩ አደረግን፤ «2012 ሠርግ»፣ «2013 ጥምቀት» እያልን። ቁጥሩ ላይ ስሕተት ስለሌለ በዓመቱ ገብታ በዓይኗ ታገኘዋለች። ሶፍትዌር ይህን አይፈታም፤ ነገር ግን በፎልደር ተዘዋውሮ ማየት የማያስችልና በፍለጋ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር ለአማርኛ ተጠቃሚ እንደማይመች ያሳያል።

ከእነዚህ ፈተናዎች በኋላ በእጄ የቀሩት ሁለት ነበሩ።

የመጀመሪያው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ተካቶ የሚገኘው ፋይል ሂስትሪ ነው። ምንም አይጫንም፤ በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብቶ ኤክስተርናል ዲስክ መምረጥና ማብራት ብቻ ነው። ካልቀየርነው በስተቀር በየሰዓቱ የዶክመንት፣ የፎቶ፣ የሙዚቃ፣ የቪዲዮና የዴስክቶፕ ፋይሎችን ይቀዳል፤ የቀድሞ ቅጂዎችንም ዲስኩ እስኪሞላ ያቆያል። በዚህም የተነሣ ዛሬ ጠዋት አበላሽተን ያስቀመጥነውን መዝገብ የትናንቱን መርጦ መመለስ ይቻላል። በዲስኩ ላይ የሚያስቀምጠውም ተራ ፋይል ነው፤ ከስሙ ኋላ ግን ቀንና ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይጨምርበታል። ይህ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። የእኛ አገር ሰዓት ከዚያ መነሻ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የአበሻ ሰዓት ቆጠራ ደግሞ ከፈረንጆቹ በስድስት ስለሚያንስ፣ በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ ከተጻፈው ላይ ሦስት ሰዓት መቀነስ ይበቃል። 18:20 የሚል ከሆነ ሦስት ሲቀነስ 15:20፣ ዐሥራ ሁለቱ ሲነሣለት ከምሽቱ 3:20 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር ፋይል ሂስትሪ የሚያውቀው የታወቁትን ፎልደሮች መሆኑ ነው፤ እንደ ብዙ ሰው ፎቶዎቹን በዲ ድራይቭ ላይ ለብቻ ፎልደር ፈጥሮ የሚያስቀምጥ ሰው ያንን ፎልደር ወደ ላይብረሪ (ዊንዶውስ ፎልደሮችን በአንድ ስም ወደሚሰበስብበት ዝርዝር) ካልጨመረው አይቀዳለትም። ኮምፒውተር ላይ ጊዜ ማጥፋት ለማይፈልጉ ጎረቤቶቼ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው።

ለቤታችን የመረጥኩት ግን ሁለተኛውን፣ ፍሪፋይልሲንክን ነው። ነጻና ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ መስኮቱ በግራና በቀኝ ይከፈላል፤ በግራ የኮምፒውተሩን ፎልደር፣ በቀኝ የዲስኩን ፎልደር ሰጥተን «አወዳድር» ስንለው ልዩነቱን ብቻ ይዘረዝራል፤ ምን እንደሚቀዳና ምን እንደሚሠረዝ አይተን ከተስማማን በኋላ ማመሳሰያውን ቁልፍ እንጫናለን። ከመሥራቱ በፊት ምን ሊሠራ እንደሆነ ማሳየቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ወሳኝ ምክንያት መብራት ነው። ፋይሉን ሲቀዳ በመጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጽፈውና ቀድቶ ሲጨርስ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ይሰጠዋል፤ በመሆኑም በመሐል መብራት ቢሄድ የተጎመደ ፋይል የድሮውን ጤነኛ ቅጂ አይተካውም። እንደገና ስናስጀምረውም የቀረውን ብቻ ይቀዳል። ዲስኩንም በፊደሉ ሳይሆን በስሙ እንዲያውቀው ማድረግ ይቻላል፤ ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ተሰክቶ የዲስኩ ፊደል ከኢ ወደ ኤፍ ቢቀየርም ሥራው አይስተጓጎልም።

ይህን ሶፍትዌር ስጠቀም ግን አንድ ከባድ ጥፋት ፈጽሜያለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት በዝርዝር ልናገረው። የማመሳሰል አማራጮቹ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። «ሚረር» የሚባለው ዲስኩን የኮምፒውተሩ መልክ ያደርገዋል፤ «አፕዴት» አዲስና የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል፤ ሦስተኛው በሁለቱም አቅጣጫ ያመሳስላል። እኔ ንጹሕ ቅጂ እንዲኖረኝ ፈልጌ ሚረርን መረጥኩ፤ የሚሠረዙት ፋይሎችም ቦታ እንዳይዙ ጨርሰው እንዲጠፉ አዘዝኩ። በዚያ ሰሞን ልጄ ለጌም ቦታ ለማስለቀቅ ብላ ሰኞ ዕለት አንድ የቪዲዮ ፎልደር ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋች፤ ምን እንደያዘ አላወቀችም። ቅዳሜ ማታ እንደ ልማዴ ዲስኩን ሰካሁና ዝርዝሩን በደንብ ሳላይ ቁልፉን ተጫንኩ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ፈጸመ፤ በኮምፒውተሩ ላይ የሌለውን ከዲስኩም ላይ አጠፋ። የታናሽ ወንድሟ የመጀመሪያ እርምጃ የተቀረጸበት ቪዲዮ በዚያ ፎልደር ውስጥ ነበር። ከእኅቴ ስልክ ላይ ያገኘነው በቴሌግራም የተላከላትን የአርባ ሰከንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ልጄን አልተቆጣኋትም፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የጠፋ ነገር ዲስኩ ላይም የሚጠፋ ከሆነ ያ ማመሳሰል ነው እንጂ መጠባበቂያ አይባልም።

መፍትሔው እዚያው ሶፍትዌር ውስጥ ነበረ። የሚሠረዙና የሚተኩ ፋይሎች ወዴት ይሂዱ በሚለው ቦታ ላይ «ቨርዥኒንግ» የሚለውን መርጬ «የተሠረዙ» የሚል ሌላ ፎልደር በዲስኩ ላይ ሰጠሁት፤ ስማቸው ላይ ቀን እንዲጨምርም አደረግኩ። አሁን ከኮምፒውተሩ የጠፋ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ እኔም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጳጉሜን፣ አይቼ የማያስፈልገውን አስወግዳለሁ። ይህን ቅንብር አንድ ጊዜ ከሠራሁ በኋላ እንደ ባች ፋይል (ሲከፈት ሥራውን በራሱ የሚያስጀምር ፋይል) አስቀምጬ ዴስክቶፑ ላይ «ቅዳሜ» የሚል ስም ሰጠሁት። ባለቤቴ እርሱን ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ይጠበቅባታል። በራሱ ሰዓት እንዲሠራ የሚፈልግ ሰው በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ማዘዝ ይችላል፤ የኮምፒውተሩ 2 ሰዓት ግን የእኛ 2 ሰዓት እንዳልሆነ ያስታውስ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ለኮምፒውተሩ 20:00 ነው።

ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚያርፍበት ዲስክ ካልታመነ ዋጋ የለውም። ከመንገድ ላይ «2 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የተሸጠልኝ ፍላሽ በእውነቱ 32 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከዚያ በላይ ሲጻፍበት የተቀበለ መስሎ ፋይሎቹን ያበላሻቸዋል። አዲስ ዲስክ ወይም ፍላሽ ስትገዙ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው በሚባለው ትንሽ ነጻ ሶፍትዌር እስከ አፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት። የዲስኩ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ይመልስባችኋል፤ ባዶ ሳለ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ይሻላል። የእኛ ፋይል 160 ጊጋባይት ያህል ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በአሮጌው ዩኤስቢ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ግን ከአንድ ሰዓት አልዘለለም። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንታዊ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ ይነቀላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ሲወጣ ፎልደሮቹ ተደብቀው በምትካቸው ሾርትከት የሚሞላበት ቫይረስ ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። ይህ እንኳ ይታከማል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ግን የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ያበቃ ስለሆነና ብዙ ቤት አሁንም እርሱ ስላለ፣ ዲስክን ሁልጊዜ ሰክቶ መተው ከበፊቱ ይልቅ አደገኛ ሆኗል።

አንድ ዲስክም አይበቃም፤ ሌባም ሆነ እሳት ኮምፒውተሩንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ አይለይም። ሁለተኛው ዲስካችን ቱላ የምትኖረው እኅቴ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በወር አንድ ጊዜ ለማኅበር ወደ እኛ ስትመጣ ይዛው ትመጣና ስትመለስ እኛ ዘንድ ያለውን ይዛ ትሄዳለች። ቀን ለመቁጠርም ሆነ ለማስታወስ አልተቸገርንም፤ ማኅበሩ ራሱ ያስታውሰናል።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥን በሚመለከት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ ልመልስ። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ መስመር ላይ 160 ጊጋባይት ያለማቋረጥ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ያለማቋረጥ ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ ወደ ጉግል ድራይቭ፣ በነጻ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ውስጥ፣ የምናስገባው የእድሩን መዝገብ፣ የትምህርት ማስረጃዎቻችንን፣ የልደት ካርዶችንና የቤት ካርታውን ስካን ብቻ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፎቶ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ፋይል መላክ ያስፈልጋል።

በየወሩ፣ ዲስኮቹ በሚለዋወጡበት ዕለት፣ እኅቴ ይዛ ከመጣችው ዲስክ ላይ አንድ ፎቶና አንድ መዝገብ ወደ ኮምፒውተሩ መልሰን እንከፍታለን። ልጆቹ በተራ ይመርጣሉ። እንዴት እንደሚደረግ የሚገልጽ ስድስት መስመር ጽፌ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ለጥፌዋለሁ፤ የይለፍ ቃሉም ከእኔ ሌላ ባለቤቴ ዘንድ አለ። ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ይርጋለም በነበርኩበት ሳምንት ባለቤቴ የእድሩን መዝገብ ስታስተካክል አንድ ሙሉ ገጽ ደምስሳ አስቀምጣው ነበር። አልደወለችልኝም። ስመለስ በመሳቢያው ውስጥ ካለው ወረቀት ግርጌ በእጅ ጽሑፏ የተጨመረ ሰባተኛ መስመር አገኘሁ፦ «የድሮው መዝገብ ‘የተሠረዙ’ ውስጥ ነው ያለው፤ ቀኑን እያዩ መክፈት።»